ደሞዙን የተወ ከያኒ ዕዳው ለማን ነው?

ሰው እንጀራ የሚበላበትን ሥራ በገዛ ፈቃዱ ትቶ ሌት ተቀን ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ልሁን ሲል፣ ያውም የሥራዬን ምንጭ ከወንዝና ከዛፍ፣ ከአፈርና ከአዕዋፍ እቀዳለሁ ሲል፣ ኅብረተሰቡ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወላጅ፣ ዘመድና የዕድር ባልንጀራ «ምን ነካው? ምን ጎደለው?» ይላሉ፤ የኪነ ጥበብ ወዳጆች ደግሞ «እሰይ፣ ከእስር ተፈታ!» ብለው ያጨበጭባሉ። ሁለቱ ፍርዶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም የሚጋሩት ጉድለት አለ። ሁለቱም የሚመለከቱት ሰውየው የወጣበትን በር ብቻ ነው። የገባበትን ደጅ፣ በዚያም ደጅ ከእርሱ በፊት ማን ተቀምጦ እንደ ነበረ አይጠይቁም።

ጉዳዩ አዲስ አበባ ላይ፣ በፎቅ መስኮት በኩል ሲታይ አንድ መልክ አለው። ከመተከል ዞን፣ ከድባጤ ወረዳ ሲታይ ግን መልኩ ይለወጣል። ከቢሮ የሚወጣው ሰው «ተፈጥሮ» ብሎ የሚጠራው ነገር ለድባጤ ገበሬ ጎተራው፣ አጥሩ፣ መድኃኒቱና ፍርሃቱ ነውና። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን፣ በተለይም ከኋለኛው ወገን መመርመር ያሻል።

በመጀመሪያ ደሞዝ ማለት በዚህ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ታላላቅ ኩባንያዎች ወደ መንግሥት ንብረትነት ከተዛወሩ በኋላ የግል ባንክ እንደገና ሊቋቋም የቻለው በ1986 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ነው። እንግዲህ ዛሬ «የኩባንያ ሰው» የሚባለው፣ ከረቫት አስሮ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚወጣው ባለሙያ፣ በዚህ መልኩ ከታየ ታሪኩ ከ30 ዓመት ብዙም አይዘልም። አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቹ እንዲህ ያለውን ወንበር በዓይናቸው አላዩትም። ለቤተሰቡ የመጀመሪያው ነው፤ ምናልባትም ብቸኛው።

ከድባጤ ወይም ከቡለን የተነሣ አንድ ወጣት በሐሳብ ይታይ። መምህሩ ጎትጉቶት፣ እናቱ ማር ሸጣ ደብተር ገዝታለት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመርቆ በዋናው ከተማ በባንክ ተቀጥሯል። ደሞዙ የሚፈረመው በአንድ ስም ነው፤ የሚበላው ግን በአምስት አፍ ነው። ከዚያው ላይ የእናት መድኃኒት ይወጣል፤ በግልገል በለስ ቤት ተከራይታ የምትማር እኅት ቀለብ ይወጣል፤ የዕቁብና የዕድር መዋጮ ይወጣል። ይህ ወጣት አንድ ቀን ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስገብቶ ብሩሽና ሸራ ቢይዝ፣ የነጻነቱን ዋጋ ከሁሉ አስቀድማ የምትከፍለው እኅቱ ናት። እሷ ግን ስለ ሥዕሉ አልተጠየቀችም።

እዚህ ላይ ግን ለፍርድ መቸኮል አይገባም። ይኸው ወጣት ያንኑ ባንክ ትቶ የበለጠ ወደሚከፍል ባንክ ቢዛወር ማንም ዕዳ አለብህ አይለውም። ባሕር ተሻግሮ ቢቀርም፣ ያስተማረው ሕዝብ ባዶ እጁን ሲቀር፣ ሠፈሩ ደግሶ ይሸኘዋል። የሚመረመረው ያነሰ ገንዘብ የመረጠው ብቻ ነው። ገንዘብን ተከትሎ መሄድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲታይ፣ ጥበብን ተከትሎ መሄድ እንደ ጥፋት የሚቆጠርበት ሚዛን ራሱ የተጭበረበረ ነው። ዕዳው አለ፤ ነገር ግን ዕዳውን በከያኒው ላይ ብቻ የሚያነብ ዳኛ ዳኛ አይደለም።

የጉዳዩ ክብደት ጎልቶ የሚታየው በአፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ፤ ልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን አለፈ። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ጊዜው አገር ከፍርስራሽ የሚነሣበት፣ የተማረው ሰው በጦርነት ያለቀበት ጊዜ ነበር። መሐንዲስ ያስፈልግ ነበር፤ ወጪውም የአገር ወጪ ነበር። ሠዓሊው ኋላ እንዳስታወሱት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ሲሸኙ የአውሮፓን ፎቅና ሰፋፊ ጎዳና ወሬ ይዘው እንዳይመጡ፣ ይልቁንም አገር የሚጠግኑበትን ዕውቀት ይዘው እንዲመለሱ መክረዋቸው ነበር።

ወጣቱ አፈወርቅ ግን ማዕድኑን ትተው ሥዕል ያዙ። በለንደን በሴንትራል የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በለንደን ዩኒቨርሲቲ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በኅሊና ዓይን ሲታይ አንድ ውል ፈርሷል፤ ለመሐንዲስ የታሰበው ዕድል ሠዓሊ አበቀለ። ሠዓሊው ታላቅ ሆነው በመገኘታቸው የውሉ መፍረስ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር ማለት የኋላ ብልሃት ነው። ያን ጊዜ፣ ያ ወጣት የሸራ ቀለም ሲበጠብጥ፣ ምን እንደሚወጣው የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፈወርቅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሥራ አልተቀበሉም። ሳይቀበሉ ቀርተውም አዲስ አበባ ላይ አልተቀመጡም፤ አገር ለማየት ወጡ። በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ፣ በያንዳንዱም ረዘም ላለ ጊዜ እየተቀመጡ የሕዝቡን አኗኗርና ታሪክ፣ የአገሩን ተራራና ብርሃን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያ የግል ዓውደ ርእያቸውን አሳዩ። ኋላ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሸፈነውን የመስታወት ሥዕል የሠራው እጅ፣ «የመስቀል አበባ»ን የሣለው እጅ፣ በዚያ ጉዞ የሠለጠነ እጅ ነው። ከእምቢታው ቀጥሎ የጉዞው ድካም ባይመጣ ኖሮ እምቢታው ኩራት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለራሳቸው ክብር የነበራቸው ስሜት ብዙ ተወርቶለታል፤ የጉዞአቸው ነገር ግን እምብዛም አልተወራም። መወራት የነበረበት ይህኛው ነው።

ሌሎችም አሉ። ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነታቸው የአውሮፕላን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተልከው ወደ ሙዚቃ ዞሩ፤ ኢትዮ ጃዝም ከዚያ ተወለደ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቺካጎ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሳይሆኑ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ሆኑ። ሆኖም ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጸጋዬ ከሕግ ሲወጡ የገቡት ወደ ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ ደሞዝ ወደሚከፍል ቴአትር ቤት ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም፣ በዚያም ቤት ያስተማሩት እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን የመምህርነት ደሞዝ ይቀበሉ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ተዋናዩን በወር ሒሳብ ይዘዋል። እንዲያው ለነገሩ፣ አዝማሪውና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ሲቀሩ፣ በኢትዮጵያ «የሙሉ ጊዜ ከያኒ» የሚባለው ለረጅም ጊዜ የኖረው በደሞዝ መዝገብ ላይ ስሙ ተጽፎ ነው። ዛሬ ከባንክ የሚወጣው ወጣት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አይጠብቀውም። የሚጠብቀው የዓውደ ርእይ አዳራሽ ኪራይና የገዢው ፊት ነው።

በአንጻሩ ወንበራቸውን ሳይለቁ ታላቅ ሥራ የሠሩ ብዙዎች ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ የጎጃም ገጠር መሬት ሽታ ግን ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልጎደለም። መንግሥቱ ለማም በሕንድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባልደረባ ነበሩ። እንዲህ ከሆነ «ሥራዬን ካልለቀቅሁ ተፈጥሮ አታናግረኝም» የሚለው ሰበብ ምን ያህል ይጸናል?

ይጸናል፤ ለሁሉም አይደለም እንጂ። ልብ ወለድ በሌሊት ሊጻፍ ይችላል። የማለዳ ብርሃን ግን በሌሊት አይሣልም፤ ቢሮም የሚከፈተው በማለዳ ነው። ጭቃ የሚያቦካ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ የወፍ አበራረር የሚከታተል ሰው ቀኑን ይፈልጋል። ቀኑን ደግሞ ኩባንያው ገዝቶታል። ከዚህ ላይ የሠዓሊውና የደራሲው ዕጣ ይለያያል፤ አንዱን በሌላው ሚዛን መመዘን ፍርድ ማጉደል ነው።

ቋንቋው ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ ቃል የለውም። በአማርኛ «ጫካ ገባ»፣ «በረሃ ወረደ» የተባለ ሰው ወይ ሸፍቷል ወይ መንኗል። ሁለቱም ከኅብረተሰቡ ጋር ያላቸው ሒሳብ የታወቀ ነው። ሽፍታው ተበደልሁ ብሎ ወጥቷል፤ በደሉ ሲካስ ይገባል። መናኙ ቤትና ንብረት፣ ሚስትና ልጅ ትቶ ወጥቷል፤ ቅጠልና ሥራሥር እየበላ ለቀሩት ይጸልያል። ከዱር ያገኘውን ግን ወደ ገበያ አያወጣም። የቅኔ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ሲጠፋ፣ በየሠፈሩ ለምኖ ሲማር፣ ልመናው ራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ያጎረሰው ገበሬ ተማሪው ነገ መርቆና አስተምሮ እንደሚከፍለው ያውቅ ነበር። ከድባጤ ወደ ምሥራቅ ያለው የጎጃም አገር በዚህ ሥርዓት ስንት ሊቅ እንዳፈራ የታወቀ ነው። ከቢሮ ወጥቶ ወደ ተፈጥሮ የሚሄደው ከያኒ ከመናኙ ጋር በአወጣጡ ይመሳሰላል፤ ከዱር ያገኘውን በመሸጡ ግን ይለያል። ይህ ነውር አይደለም። ሒሳብ ግን ያስከትላል።

«ተፈጥሮ» የሚለው ቃልም ልብ ሊባል ይገባዋል። ተራራና ዛፍ ብቻ አይደለም ትርጉሙ፤ የሰው ጠባይም ተፈጥሮ ይባላል፤ «ተፈጥሮው ነው» እንዲሉ። በቃሉ ውስጥ ሰውየው ከዛፉ ጋር አብሮ ተቀምጧል። ዛፉን አይቶ ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው የማያይ ከያኒ የቃሉን ግማሽ ጥሎ ይሄዳል።

ከዓለም የሥዕል ታሪክ ሁለት ሰዎች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ፖል ጎጋን በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ደላላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ገበያው ሲወድቅ ሥራውን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥዕል ዞረ። ሚስቱና አምስት ልጆቹ የነጻነቱን ዋጋ ከፈሉ። በ1891 የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ታሂቲ ሄደ፤ በ1903 በሌላ ሩቅ ደሴት ሞተ። ሥዕሎቹ ውብ ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የታሂቲን ሴቶች ከዛፉና ከፍሬው ጋር አንድ አድርጎ ሣላቸው፤ ሥዕሎቹም ወደ ፓሪስ ተላኩ። ሌላው አንሪ ሩሶ ነው፤ ስለ ተፈጥሮ የጻፈው ፈላስፋ አይደለም፣ ስሙን የሚጋራው ሠዓሊ ነው። በፓሪስ የኬላ ቀረጥ መሥሪያ ቤት ትንሽ ሠራተኛ ሆኖ አገልግሎ በ49 ዓመቱ በጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሣላቸው እነዚያ ጥቅጥቅ ያሉ ደኖች፣ ነብሮችና ግዙፍ ቅጠሎች ሁሉ ከፓሪስ የዕፅዋት ማሳያ ስፍራና ከመጻሕፍት የተገኙ ናቸው፤ ከፈረንሳይ ምድር ወጥቶ አያውቅም። እርሱ የማንንም ደን አልወሰደም። ሕልሙን ሣለ፤ ሕልም መሆኑም ያስታውቃል። ጎጋን ግን የሰው አገር ላይ ሄዶ ሕልሙን አገሩ ነው ብሎ ሣለ። ወደ ተፈጥሮ መሄድ ብቻውን ከአለመሄድ እንደማይበልጥ ከነዚህ ሁለት ሰዎች ይታያል።

አሁን ወደ ድባጤ መመለስ ይገባል። ወረዳው በደቡብ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ በምሥራቅ ከአዊ ደጋ ጋር ይዋሰናል። ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አማራ፣ አገውና ኦሮሞ ይኖሩበታል። በደጋው፣ በእንጅባራ አካባቢ የሚበቅለው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ በቆላው የሚበቅለው ጠጣር ነው። ሁለቱን በጣት አንኳኩቶ መለየት ለአገሩ ሕፃን ምንም አይደለም። ከቆላው ቀርከሃ የቤት ግድግዳ ይማገራል፤ ጎተራ ይታታል፤ ቅርጫትና ቀፎ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ለጋው ቡቃያ ተቀቅሎ ይበላል። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ አግድም በምታጋድመው እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክሟን አንጠልጥላ፣ ሚዛኑን ጠብቃ ስትራመድ ያየ ቀራፂ ስለ ሚዛን ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ይህ ቀርከሃ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ይኖርና አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ፣ ዘር ጥሎ ይደርቃል። አበባው ለሠዓሊ የማይገኝ ዕድል ነው፤ በዚያ ለሚኖረው ቤተሰብ ግን አበባው የጎተራውና የአጥሩ መርዶ ነው። አንድ ነገር፣ አንድ ቀን፣ በሁለት ዓይን።

ተፈጥሮ የተባለውም ባለበት አይቆምም። በዚሁ ዞን በጉባ ወረዳ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የትናንቱ ቆላ ዱር ዛሬ ሐይቅ ነው። ነገ ሸራውን ይዞ የሚመጣ ከያኒ የውኃውን ጸጥታ «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብሎ ሊሥለው ይችላል። የዘመኑ ትልቁ የጉልበት ሥራ መሆኑን ካልነገሩት አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በመተከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት በዘለቀው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ እጅግ ብዙው ተፈናቅሏል። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ በድባጤ ወረዳ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጊዜው አስታውቆ ነበር። በዚያ ዘመን ጫካ ማለት ታጣቂ የሚወጣበት፣ ሕዝብም ሕይወቱን ለማትረፍ የሚገባበት ቦታ ነበር። ከጭንቀት ለማረፍ «ወደ ተፈጥሮ እመለሳለሁ» የሚለው የከተማ ሰው አነጋገር በዚህ አገር ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ መገመት አያዳግትም። ይህ ማለት ድባጤ አትሣል ማለት አይደለም። የድባጤን ዛፍ የሚሥል ሰው ከዛፉ ሥር የተጠለለ ማን እንደ ነበረ ሳያውቅ ቢሥለው ሥዕሉ ውሸት ይሆናል ማለት ነው፤ ቀለሙ የቱንም ያህል እውነት ቢመስል።

ዓባይን ተሻግሮ በአሶሳ በኩል ያለው የበርታ ሕዝብ ዙምባራ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። ከቅልና ከቀርከሃ የሚሠራ ሆኖ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙዎቹ በአንድነት ይነፋሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የማንም የብቻ አይደለም፤ አንዱ ቢጎድል በዜማው መካከል ቀዳዳ ይሆናል። ነፊዎቹ ዓመቱን ሙሉ ነፊዎች አይደሉም፤ በዓሉ ሲያልቅ ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ። የሙሉ ጊዜ ከያኒ፣ የትርፍ ጊዜ ከያኒ የሚለው የከተማ ክፍፍል እዚያ ቦታ የለውም። እንግዲህ «ከተፈጥሮ የተቀዳ ጥበብ» የሚባል ነገር ካለ፣ ባለቤቶቹ ሥራቸውን ሳይለቁ ሲሠሩት የኖሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ የማይመች ጥያቄ ይመጣል። ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ በዚህ አገር ለዘመናት ሲናቁ፣ ሲሸሹ፣ «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ ሥር ስለ ሰደደ ነበር። ዛሬ ግን ዲግሪ የያዘ ሰው ከቢሮ ወጥቶ ያንኑ አፈር ሲያቦካ «ከያኒ» ይባላል፤ ፎቶግራፉ በጋዜጣ ይወጣል። አፈሩ ያው ነው። እጁ ተለወጠ እንጂ።

ይህን ንቀት ከውስጡ ገብተው የሰበሩ አሉ። በቢሾፍቱ አካባቢ ተወልደው በአየር ኃይል ያገለገሉት ሎሬት ለማ ጉያ ሸራውን ትተው በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል ይታወቃሉ፤ በቢሾፍቱም የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየምን አቋቁመዋል። ከወታደር ቤት ወጥቶ ቆዳ መያዝ በዚያ ዘመን ሚዛን ከፍ ካለው ወንበር ዝቅ ወዳለው መውረድ ነበር። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን እየደረደሩ በላያቸው ይሥላሉ፤ የደብተራው የጠልሰም ጥቅል በቀርከሃው ላይ አዲስ ሕይወት አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር በተካሄደው ዓለም አቀፍ ዓውደ ርእይ ተሸልመውበታል። በመካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን የዞማ ሙዚየም ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያሠሩት በጭቃና በጭድ ነው፤ ከተማው የድህነት ምልክት አድርጎ በሚያፈርሰው በዚያው ጭቃ። ከሦስቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ዓይነት አይደለም። የዞማው ግን ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ የጭቃ ቤት ጥበብ ከአሮጌ ግንበኛ እጅ እንጂ ከሥነ ጥበብ መጽሐፍ አይገኝምና።

እንግዲህ ከኩባንያ የወጣው ከያኒ ሁለት ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው ትቶት ለሄደው ነው፤ ለእናት፣ ለእኅት፣ ላስተማረው ሕዝብ። ይህ በጊዜ ሊታሰብ ይችላል። ከላይ በሐሳብ የታየው ወጣት እኅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ቢቀራት ሁለት ዓመት መቆየት ይችላል፤ ሁለት ዓመት መክሊትን አይገድልም። በየዓመት ፈቃዱ ድባጤ ወርዶ ቀርከሃ የሚሰነጥቁትን አጠገብ ተቀምጦ ቢያይ፣ ምናልባትም እጁን ቢቆርጥ፣ ዝግጅቱ ያኔውኑ ይጀመራል። ጥሩ ቀርከሃም ቢሆን ለሥራ የሚቆረጠው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ለደረሰበት አገር ነው፤ ይህኛው ግን ስለማይጠየቅ አይከፈልም። የዛፉን ስም በጉሙዝኛና በሺናሽኛ መማር፣ ማን እንዳሳየው መናገር፣ ለአሳየው ሰው የቀን ሥራውን መክፈል፣ ሥዕሉን መጀመሪያ ለባለ አገሩ ማሳየት። በተለይ የመጨረሻው ከባድ ነው። የድባጤ ገበሬ «ይህ የእኔ ቀርከሃ አይደለም፤ እንዲህ አይጎብጥም» ሊል ይችላል፤ ከጋለሪ ሐያሲ የሚብስ ነው።

ዕዳው የከያኒው ብቻ አይደለም። የባህል ቢሮ ሠራተኛው፣ የትምህርት ቤቱ የሥዕል መምህር፣ ዓውደ ርእይ የሚያዘጋጀው ማኅበር ይጋሩታል። በአንድ የባህል ዓውደ ርእይ አዳራሽ ዞር ዞር ያለ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀርከሃ ደን ሥዕል ሥር የሠዓሊው ስም ከነአባቱ፣ የሠራበት ዓመትና ዋጋው ተጽፎ ይገኛል። ከሥዕሉ በታች በጠረጴዛው ላይ ከዚያው ቀርከሃ የታታ ቅርጫት ተቀምጧል፤ ከጎኑ ያለችው ወረቀት የምትለው «የጉሙዝ ብሔረሰብ ቅርጫት» ብቻ ነው። ቅርጫቱን ብሔረሰብ አልሠራውም። አንዲት ሴት ሠርታዋለች፤ ስም አላት፤ ብዙ ጊዜም ያንኑ ቅርጫት ይዛ የመጣችው እሷው ራሷ ከአዳራሹ ውጭ ቆማ ትገኛለች። ወረቀቷ ላይ ስሟን ለመጨመር በጀት አይጠየቅም።